ሰማንያ ሰባተኛው ከበሮ

ማሽኑ ሰማንያ ስድስት ከበሮ ያለ አንዳች ቅሬታ አሽጎ ሰማንያ ሰባተኛውን መለሰው።

ደሳለች መጀመሪያ ነገሬም አላለችው። ዕቃ መመለስ የማሽኑ ሥራ ነው። ከበሮው በሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ ላይ ተቀምጦ ሲገባ መግቢያው ላይ ያለው ሚዛን ይመዝነዋል። ከዚያ ነጭ ላስቲክ ይጠቀለልበታል፤ በሞቃቱ ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ ላስቲኩ ከገላው ላይ ይጣበቃል፤ ካርቶን ይለብሳል፣ ይታሸጋል። መውጫው ላይ ሌላ ሚዛን አለ። የከበሮውና የካርቶኑ ክብደት ተደምሮ ከዚህኛው ሚዛን ጋር ካልተስማማ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው፤ ማንገቻው ተረስቶ ይሆናል፣ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ይኖራል። ያን ጊዜ ከጎን የብረት ክንድ ብቅ ይልና ካርቶኑን ገፍቶ ከመንገዱ ያወጣዋል። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጋፋት መንገድ ዳር በተሠራችው በዚያች የቆርቆሮ አዳራሽ መሰንቆም ክራርም ከበሮም የሚሸኙት በዚሁ መንገድ ነው። ሙሉ የምትባለው የደሳለች የሥራ ባልደረባ ማሽኑን «ገናዡ» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ሁሉን በነጭ ጠቅልሎ ስለሚሸኝ።

«ደግሞ አሁን ምን አጣህ?» አለችው ደሳለች ማሽኑን። ካርቶኑን ከፍታ አየች። ማንገቻው አለ። ከበሮው ደህና ነው። መልሳ አሸገችውና መውጫው ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ክንዱ ብቅ አለና ገፋው።

በሦስተኛው ቁጥሩን አየች። ሌላው ካርቶን ሲቀመጥ ቁጥሩ ይሮጣል፣ ጥቂት ይንገዳገዳል፣ ይቆማል። የዚህኛው አልቆመም። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ አሥራ አራት ግራም ይላል፤ ወደ ሁለት መቶ ዘጠኝ ይወርዳል፤ ወደ አሥራ ስድስት ይወጣል፤ እንደገና ይወርዳል። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ደሳለች ሳታውቀው የራሷን ትንፋሽ ከቁጥሩ ጋር እያስማማች እንደነበር የነቃችው ሙሉ ትከሻዋን ስትነካት ነው።

«ምነው ፈዘሽ ቀረሽ? ድራማ ነው እንዴ የሚያሳይሽ?»

«ሙሌ፣ ይኼን እይው እስቲ።»

ሙሉ አየችው። «ንፋስ ነው» አለች። እውነትም ከጉና በኩል የሚወርደው የኅዳር ንፋስ በቆርቆሮው ክፍተት ሁሉ ይገባል። በሩን ዘጉ። ጎማውን አጠፉት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቁጥሩ ግን መውጣት መውረዱን አልተወም።

«እንግዲያማ አይጥ ገብታበታለች» አለች ሙሉ፤ ካርቶኑን ግን ደግማ አልነካችውም።

ሥራ አስኪያጁ ላቀው ተጠርቶ መጣ። አዳማ ያደገ፣ ብርድ የማይስማማው፣ እጁን ከጃኬቱ ኪስ የማያወጣ ወጣት ነው። አጎንብሶ አየና ሳቀ። «አይጥ ከሆነች ትሂድ በቃ፤ ውጭ አገር በነጻ ማን ያገኛል? ሚዛኑ ነው የተበላሸው። ባለሙያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ለብቻው አስቀምጪው። ግን ደሳለች፣ መኪናው በሦስት ሳምንት ይመጣል። መቶ ሃያ ከበሮ ነው ያልነው። መቶ አሥራ ዘጠኝ ብዬ አልልክም።»

ሌሎቹ ካርቶኖች በዚያው ሚዛን ላይ ቁመው ያለ ችግር ማለፋቸውን ልትነግረው ፈለገች፤ እሱ ግን ወደ ሙቅ ቢሮው ተመልሶ ነበር።

ከበሮዎቹን የሚሠሩት አያ ይሻው ናቸው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ የዋንዛ ግንድ በተከመረበት ግቢ፣ ፀሐይ የምታርፍበትን ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ደሳለች ስትደርስ የአንዱን ግንድ ሆድ በመሮ እየፈለፈሉ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ይሻው?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው ማሽንሽ ዝም አለ? ጾም ያዘ እንዴ?»

«አንዱን ከበሮ እምቢ አለ። ውስጡ ምን አስገቡበት?»

«ምን አስገባለሁ? እንጨትና ቆዳ ነው።»

«አይ፣ አንድ ነገር አለው። ይንቀሳቀሳል።»

ሽማግሌው መሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ስንተኛው ነው?»

«ሰማንያ ሰባተኛው።»

ከንፈራቸው ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ጀመር። አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር፤ ቁጥር ግን አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አቆሙና ቀና ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ዓይናቸውን አሸሹ።

«ተቀመጭ፣ ልጄ።»

«ልቁም። ይንገሩኝ።»

«ከበሮ ሁለተኛው አፉ ሳይዘጋ ባለቤቱ ይነገረዋል» አሉ። «አባቴም እንዲያ ነበር፣ አያቴም። ጎንበስ ብለሽ፣ አፍሽን ከእንጨቱ አስጠግተሽ፣ ‹የእገሌ ነህ› ትይዋለሽ። የደብር ከሆነ ታቦቱን ትጠሪለታለሽ። የሠርግ ከሆነ የቤቱን ጌታ። ከዚያ ቆዳው ይለብሳል። ሳይነገረው የተዘጋ እንደሆነ ባለቤቱን ሲፈልግ አይረጋም ይላሉ። እኔ ሳልነግረው የዘጋሁት የለም።»

«የእነዚህስ ባለቤት ማነው? ወደ ውጭ ነው የሚሄዱት።»

«እሱ አይደል የጨነቀኝ! ላቀውን ለማን ነው አልኩት። ‹ለደንበኛ› አለኝ። ደንበኛው ማን ይባላል ብል ሳቀብኝ። መቶ ሃያ ከበሮ፣ መቶ ሃያ ባለቤት ከየት አመጣለሁ? የማላውቀውን ስም አልጠራ። የማውቀውን ብጠራ ከበሮው ባሕር ማዶ ሆኖ ሰውየውን እዚህ እያስጨነቀው ሊኖር ነው።» የግንዱን አፍ በመዳፋቸው ዳበሱ። «ሙታንን ጠራኋ።»

«ምን አሉ?»

«ሙታንን። አፈር ያለበስኳቸውን፣ ለቅሷቸው ላይ የዋልኩትን። ሙት ዕቃዬን አምጡ አይል፤ ከበሮውም የሚፈልገው ሰው የለ። ሰማንያ ስድስቱ ፀጥ ብለው አልሄዱልሽም?»

«ሄደዋል።»

«ሙት ስለሆኑ ነዋ።»

ደሳለች ግንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ለቅሶው ላይ ከእናትሽ ጎን ነበርኩ» አሉ አያ ይሻው። «ከሞተ ሰው ቆጥሬው ነው። ሰማንያ ሰባተኛውን የፈንታሁን ነህ አልኩት። ይቅር በይኝ።»

ፈንታሁን ታናሽ ወንድሟ ነው። ካቻምና በሐምሌ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ በዚያው ወደ ሱዳን ተሻገረ። ዓምና በኅዳር አብሮት የሄደው የአንበሳሜው ዘውዱ ብቻውን ተመለሰ፤ ፈንታሁንን ወባ ጣለው፣ እዚያው ተቀበረ ብሎ መርዶ አመጣ። አስከሬን አልመጣም። ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱለት። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አንድ ወር አልቀረውም።

«አልሞተም» አለች ደሳለች።

«እኔ እንደሱ አላልኩም። ከበሮው አልረጋም ነው ያልኩሽ።»

«ያው ነው።»

አያ ይሻው የቆዳ ቢላቸውን አንስተው ተነሡ። «ቆዳውን ልቅደደው። ሕያው ሰው በሙታን መሐል ተጠርቶ ዝም ብሎ አይተውም። ስሙ ይውጣ፣ እሱም ይረፍ።»

«እንዳይነኩት!»

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሽማግሌ አክብራ ያደገች ልጅ ናት፤ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። እየሮጠች ተመለሰችና ካርቶኑን ከባዶ ካርቶኖች ክምር ኋላ ደበቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሙሉ ሳትመጣ ትደርሳለች። ካርቶኑን አውጥታ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሱዳንን በካርታ እንጂ በዓይኗ አላየችውም። ከአንድ ግድግዳ ሥር፣ ከአንድ የሰሊጥ ክምር ጥላ ሥር የተኛ ልጅ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያታል። አንዳንዴ «እንደምን አደርክ?» ትለዋለች። ከዚያ መልሳ ትደብቀዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ሥራዋን በደስታ ትሠራለች።

«ፍቅር ነው» አለች ሙሉ። «ይኼ ፊት የፍቅር ነው። ማነው? ሾፌሩ እንዳትይኝ ብቻ።»

ቅዳሜ አንበሳሜ ሄደች። ዘውዱ ገበያው ላይ ሽንኩርት ሲሸጥ አገኘችው።

«ፊቱን አይተኸዋል?» አለችው።

«የማንን?»

«የወንድሜን። ሲቀብሩት ፊቱን አይተኸዋል?»

ዘውዱ የሽንኩርቱን ልጣጭ ያራግፍ ጀመር። «ተሸፍኖ ነበር፣ እታለም። እኔም ትኩሳት ላይ ነበርኩ። ብዙ ሰው ነበር የሚወድቀው። እሱ ነው አሉኝ፤ ሹራቡም የእሱ ነበር።»

«ሹራቡን ለማንም ያውስ ነበር እኮ እሱ!»

«እንግዲህ…» አለ ዘውዱ። ወደ ሽንኩርቱ አጎነበሰ።

መተማ ለሚወርድ ሾፌር ስሙንና መልኩን በወረቀት ጽፋ ላከች። መልስ የሚመጣ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል ተባለች። ቤት ስትገባ እናቷ አበበች ገብስ ለብቅል እየነከረች ነበር።

«እማ፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ለሙት ዓመቱ ነዋ። ጠላው በጊዜ ይጠመቅ።»

«ትንሽ ቢቆይስ?»

«ምኑ?»

«ሙት ዓመቱ።»

እናቷ እጇን ከውሃው አወጣች። «ሙት ዓመት ይቆያል እንዴ? ጎረቤቱ ምን ይለኛል? እንደ ሰው አልቀበርኩት፤ እንደ ሰው ዳቦና ጠላ እንኳ አላውጣለት?» ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሣ ቆየች። «የሰማሽው ነገር አለ?»

ደሳለች አፏን ከፈተች። አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል ብላ ለእናት እንዴት ይነገራል? የሾፌሩ መልስ ቢመጣ፣ አንድ ሰው አየሁት ቢል ያን ጊዜ ትነግራታለች።

«ምንም አልሰማሁም» አለች።

ክብደቱ መቀነሱን ያወቀችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በየቀኑ ጥቂት ግራም ነበርና አላስተዋለችውም ነበር። መጀመሪያ ከሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ በላይ ይዋልል የነበረው ቁጥር ሰባት ኪሎ ላይ ወረደ፤ ከዚያም ስድስት ከዘጠኝ መቶ። ቆዳው እየደረቀ ይሆናል ብላ ከእሱ ጋር አንድ ቀን የታሸጉ ሦስት ካርቶኖች መዘነች። እንደታሸጉ ናቸው። የዚህኛው መውጣትና መውረድም አጥሯል፤ አሁን ሁለትና ሦስት ግራም ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ቆም ይላል። በቆመ ቁጥር ደሳለች የሚዛኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዛለች። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ትለቀዋለች።

አያ ይሻው አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመው አገኟት። ምን ያህል እንደቆሙ አታውቅም።

«እየከሳ ነው አይደል?» አሉ።

ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ከሙታን ወገን ተጠርቶ፣ በሕያዋን ወገን የሚኖር ሰው እህል አይረጋለትም። እኔ ሳላውቅ ጠራሁት። አንቺ እያወቅሽ በየጠዋቱ ትጠሪዋለሽ።»

«ሰላም ነው የምለው። እንደምን አደርክ ነው የምለው።»

«አውቃለሁ። ቅደጂውና ልቀቂው፣ ደስዬ።»

«ከቀደድኩት በምን አውቃለሁ? መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አሉ ሽማግሌው። «እሱ መኖር ነው የሚፈልገው። ማወቁን የፈለግሽው አንቺ ነሽ።»

ቢላቸውን ከካርቶኑ አጠገብ አስቀምጠውላት ሄዱ። እጀታው በዘመን ብዛት የለሰለሰ አጭር ቢላ ነው። ደሳለች አነሣችው። ካርቶኑን ከፈተች፤ ነጩን ላስቲክ ሰነጠቀች። ቆዳው ላይ መዳፏን ስታሳርፍ ለብ ያለ ሆኖ አገኘችው። አዳራሹ ውስጥ ውሃው በባልዲ የሚረጋበት ብርድ ነበር። ቢላውን አወጣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ነገ ሾፌሩ ይመለሳል፤ መልሱን ልስማና ነገ እቀደዋለሁ አለች። ካርቶኑን መልሳ አሸገችው።

ሾፌሩ በማግሥቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። እሷም በየቀኑ ለነገ አሳደረችው።

መኪናው ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። ላቀው በወረቀቱ ላይ እየቆጠረ መቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አንዷ የታለች?»

«ያ የተበላሸው ነው» አለች ደሳለች።

«ባለሙያው ሰኞ መጥቶ ሚዛኑ ምንም አልሆነም አለኝ እኮ። የት ነው ያስቀመጥሽው?» ራሱ ወደ ባዶ ካርቶኖቹ ክምር ሄዶ ጎትቶ አወጣው። «ደብቀሽዋል? ምነው፣ ዶሮ ወጥ ጠቅልለሽበታል እንዴ?» እየሳቀ ተሸክሞ ሚዛኑ ላይ አኖረው። ሙሉም ሳቀች።

ደሳለች ቢላውን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም ነበር። አያ ይሻው በር ላይ ነበሩ። መኪናው መድረሱን ሰምተው መምጣታቸው ነው።

«አሁን፣ ልጄ» አሉ። «አሁን።»

«አንዴ ልየው። አንዴ ብቻ አይቼው።»

ጎንበስ አለች። ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ አርባ። አንድ ግራም ወጣ፣ አንድ ግራም ወረደ። ከዚያ ቁጥሩ ያላደረገውን አደረገ። መውጣት ጀመረ፣ ሳይወርድ። ስምንት መቶ ሃምሳ። ዘጠኝ መቶ። ሰባት ኪሎ። የደሳለች ፊት በራ። ቢላው ከእጇ ላልቶ ጫፉ ወደ መሬት ዞረ።

«እየዳነ ነው!» አለች። «አያ ይሻው፣ እዩ፣ እየዳነ ነው!»

አያ ይሻው ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።

ቁጥሩ ሰባት ኪሎ ከመቶ አለፈ፣ ሁለት መቶ ደረሰ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። የመግቢያው ሚዛን በመጀመሪያው ቀን የመዘገበው የእንጨቱ፣ የቆዳውና የማንገቻው ክብደት፣ ከካርቶኑ ጋር ተደምሮ፣ ልክ ያው። ደሳለች ጠበቀች። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አንድ ግራም አልወጣም፣ አንድ ግራም አልወረደም። አረንጓዴው መብራት በራ።

«አላልኩሽም?» አለ ላቀው፤ እጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ አጨበጨበ። «ምንም አልነበረውም! ሚዛኑም ደህና ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በከንቱ!»

የብረቱ ክንድ ከቦታው አልተነሣም። ጎማው ተንቀሳቀሰ፤ ካርቶኑ ቀስ ብሎ በሚዛኑ ላይ አልፎ ወደ መኪናው ወረደ። ተሸካሚዎቹ ተቀብለው ከመቶ አሥራ ዘጠኙ አጠገብ ደረደሩት።

አያ ይሻው ቆባቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ማን ሞተ?» አለ ላቀው ዞር ብሎ። በየተራ አያቸው። ሙሉ ብቻ ሳቋን አቁማ የደሳለችን ፊት ታይ ጀመር።

ደሳለች ቢላውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፤ ቁጥሩ ሮጠ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። መጮኽ አሰኛት፤ ግን ለማን? የመርዶው ጩኸት ዓምና ተጮኋል፤ ሰፈርተኛው አልቅሶ ደረቱን ደቅቶ ጨርሷል፤ አሁን እዬዬ ብትል አብሯት የሚያለቅስ አይኖርም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ምን?» አለ ላቀው።

«ሰዓቱን ነው የጠየቅኩህ። ልክ ስንት ነው?»

ስልኩን አወጣ። «አራት ከአሥራ አምስት። ምነው?»

«ኅዳር ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ ሁለት። ደሳለች፣ ምን ሆነሻል?»

ከማሽኑ አጠገብ ከተንጠለጠሉት እርሳሶች አንዱን ወሰደች። የካርቶን ቁራጭ አንሥታ ጻፈች፦ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ከሥሩ ደግሞ በጣቷ እየቆጠረች፣ ሰልስቱ ዓርብ ብላ ጻፈች።